የጣሪያዬ ነገርና የቅዳሜው መርዶ

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» ተብላችሁ ስትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ። ምክሬ ይኸው ነው። ሥራ የሚጠብቃችሁ ከዚህ በኋላ ያለውን ባታነቡትም አትጎዱም። እንደ እኔ ጊዜ የተረፋችሁ ግን አረፍ በሉና ልንገራችሁ።

ቤቴ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ የሀበሻ ሱቆች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ ብዙም አይርቅም፤ የፒኮን ጎዳና ተሻግሮ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ታክሲ በምነዳበት ዘመን፣ ቤት የሰው ልጅ ሊገዛው ይችል በነበረበት ጊዜ የገዛሁት ባለ ሦስት መኝታ አሮጌ ቤት ነው። ከውጭ ሲያዩት ግንብ ይመስላል፤ ሲያንኳኩት ግን ባዶ ሣጥን ነው። በጥር ከውጭው ይልቅ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ ደግሞ እንደ ዳቦ ሆድና ጀርባዬን እያገላበጠ ያበስለኛል።

ለዚህ ሁሉ መከላከያዬ አንድ ቬንትሌተር ነበር። ቆሞ ግራና ቀኝ የሚዞር ዓይነት ነው። ወደ እኔ ዞሮ ትንሽ ይነፋና ወደ ባዶው ሶፋ ይሄዳል። እዚያ እንግዳ ያለ ይመስል ደህና አድርጎ ነፍቶ ይመለሳል። መዞሩን የሚያቆም ቁልፍ እንዳለው አውቃለሁ። ሶፋውን ጨርሶ ከጨዋታው ማስወጣት ግን ደስ አላለኝም።

አንድ ቀን ለአሮጌ ቤቶች የሚሠራ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላከልኝ። ዕድሜዎ ከስልሳ ካለፈ፣ ቤትዎም ካረጀ፣ ጣሪያዎን ሙቀት መከላከያ እናለብሳለን፣ ማቀዝቀዣም እንተክላለን ይላል። ሁለቱንም አሟላለሁ፤ እንዲያውም ቤቱና እኔ በእርጅና እንሽቀዳደማለን። ደወልኩ። በሳምንቱ ባለሙያ ተላከ።

በሩን ስከፍት ወገቧን በመሣሪያ የታጠቀች የሀበሻ ልጅ ቆማለች። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ፌቨን እባላለሁ አለችኝ።

«ሃይ ጋሼ! ሎድ ካልኩሌሽን ልሠራልህ ነው የመጣሁት።»

ምን እንደሆነ አልገባኝም። ቢሆንም እንግዳ በር ላይ አቁሞ አይጠየቅምና «ግቢ ልጄ» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ከመመረጡ በፊት፣ ቤቱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያስገባና እንደሚያስወጣ በሒሳብ ይሠራል። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ወለሉ፣ ጣሪያው አንድ በአንድ ይጠየቃል። እኔ ማቀዝቀዣ እንደ ጫማ በዓይን ተለክቶ የሚገዛ ይመስለኝ ነበር። ፌቨን መስኮቶቹን ሁሉ ለካች። የምዕራቡን መስኮት ስታይ ምላሷን ከላንቃዋ አላቃ ጧ አደረገች፤ ሐኪም ፊታችሁ እንዲህ ሲያደርግ አስቡት። ከዚያ መሰላል ዘርግታ በኮርኒሱ ቀዳዳ ጭንቅላቷን አስገባች።

«ጋሼ፣ ጣሪያህ ውስጥ እኮ ምንም ኢንሱሌሽን የለም!»

«ተሰርቆ ይሆን?» አልኳት።

«መጀመሪያውኑም አልነበረም።» ወረደችና አቧራዋን አራገፈች። «ሙቀት የመከላከል አቅም 'አር' በሚባል ቁጥር ነው የሚለካው። አሩ ከፍ ሲል ሙቀቱ እንደልቡ አይገባም፣ እንደልቡም አይወጣም።»

«እንደ ጋቢ በይኛ። ድርቡ በጨመረ ቁጥር።»

«ኤግዛክትሊ! የአንተ ጣሪያ ነጠላ እንኳን አልለበሰም።»

ሃያ ስድስት ዓመት ራቁቱን ከሆነ ጣሪያ ሥር ተኝቻለሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ ወደ ጥያቄ ገባች። የምትተኛው የትኛው ክፍል ነው? መጋረጃ ስንት ሰዓት ትከፍታለህ? ምሳ ቤት ነው የምትሠራው? ከሰዓት በኋላ የት ትቀመጣለህ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጋረጃ ስንት ሰዓት እንደምከፍት ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እናቴም አልጠየቀችኝ፤ ሁለት ዓመት አብራኝ ኖራ የተፋታችኝ ባለቤቴም አልጠየቀችኝ። ስለዚህ በዝርዝር መለስኩ። በማዕድ ቤቱ መስኮት ጀምሬ ወደ ሳሎን እንደምሄድ፣ የመኝታ ቤቱን ግን እሑድ እሑድ ብቻ እንደምከፍት አስረዳኋት። እሷ ታብሌቷ ላይ ስትጽፍ፣ እንደ እኔ የተከበረ ሰው በሎስ አንጀለስ ያለ አልመሰለኝም።

«ኦኬ፣ አሁን ደግሞ ሰው» አለች። «ሰውም ሙቀት ያወጣል፤ ዝም ብሎ ቢቀመጥም። ሶ፣ እንቆጥራለን። ስንት ሰው ነው እዚህ ቤት የሚኖረው?»

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል ነው የሰማሁት፤ በዚህች ልጅ ሒሳብ ግን ሰው ለሰው ምድጃው ነው።

«አምስት» አልኩ።

ለመዋሸት ብዬ አልነበረም፤ አፌ የለመደውን ነው ያለው። ያ ቤት ለዓመታት አምስት ሰው ይኖርበት ነበር። ፌርፋክስ ላይ «ዲቪ ደርሶት መጥቶ ማረፊያ ያጣ አለ» ከተባለ «እሱ ጋ ውሰዱት» ይባል ነበር፤ እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻዎቹ ዳዊት፣ ሙሉጌታ፣ ሰናይትና እህቷ ነበሩ። ዳዊት ሲያትል ሄደ። ሙሉጌታ ዴንቨር ቤት ገዛ። እህትማማቾቹ ዳላስ ገቡ። ቅር አልተሰኘሁም፤ የመጣ ይሄዳል። በኋላ ግን የሚመጣውም ቀረ። አሁን የመጣ ሰው ገና ከአውሮፕላን ሳይወርድ ሌላ ስቴት ቤት ይከራያል። ክፍሎቹ ባዶ ከሆኑ አራት ዓመት አልፏል።

ወዲያው ማረም እችል ነበር። «ይቅርታ፣ አንድ ነኝ» ይባላል፣ አለቀ። ነገር ግን ሦስት መኝታ ቤት በኩራት አስጎብኝቼ ሳበቃ ይህን ማለት ከበደኝ። ይሉኝታ በአር ቢለካ ኖሮ የእኔን ጣሪያ የሚያህል አሜሪካ ውስጥ አይገኝም ነበር።

«ዋው፣ ፉል ሃውስ ነው!» አለች ፌቨን። «በጣም ጥሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቤቱ አየር የሚያፈስበትን ቦታ በፋን ቴስት ላደርግ እመጣለሁ። ሁሉም ቢኖሩ ጥሩ ነው፤ የየክፍላቸውን ሙቀት እጠይቃቸዋለሁ።»

«ለመሆኑ» አልኩ በቀጭን ድምፅ፣ «ቁጥሩ ቢሳሳት ምን ይመጣል?»

«ሒሳቡ ከተሳሳተ ማሽኑ ከቤቱ ይበልጥና ያስቸግራል። በአንዴ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ቤቱም አይመችም፣ ማሽኑም ቶሎ ይሞታል።»

እንግዲህ መከራዬን እዩልኝ። ብናገር አፍራለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ለሌሉ አራት ሰዎች የሚያቀዘቅዝ ማሽን ተተክሎብኝ፣ ዕድሜ ልኬን ሲነሳና ሲጠፋ መስማቴ ነው። እውነቱን መናገር ወይም አራት ሰው መፈለግ ነበረብኝ። አራት ሰው መፈለግ ቀለለኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። መጀመሪያ ጋሼ ታደሰ ጋ ደወልኩ። ፌርፋክስ ላይ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ የማይጠፉ፣ የእድራችን ሰብሳቢ የሆኑ አዛውንት ናቸው። አባቴ ቢባሉ ያምርባቸዋል። ቀጥሎ እትዬ የሺ ጋ፤ አረጋውያን በየቤታቸው የሚያስታምሙ፣ አንጀታቸው ቅቤ የሆነ ሴት ናቸው። ሦስተኛው፣ ታክሲውን ከተውኩ ወዲህ ፓርኪንግ አብሮኝ የሚሠራው ባልደረባዬ በላይ ነው። አራተኛዋ ሚስቱ አልማዝ ናት። ለሁሉም ያልኩት አንድ ነው። ምክንያቱን በስልክ መናገር ስላፈርኩ አሳጥሬ እንዲህ አልኩ፦

«ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ እኔ ቤት ኑ። ለምን እንደሆነ አሁን መናገር አልችልም። ቀድማችሁ ግቡና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ትመጣለች። ነገሩን እኔ ነኝ የምነግራት፤ እስከዚያ እሷ ፊት ምንም እንዳታወሩ።»

ማንም «ለምን?» አላለኝም። ጋሼ ታደሰ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው «እሺ ልጄ፣ እንመጣለን» አሉ። እትዬ የሺ «ውይ!» አሉና ስልኩን ዘጉ። በላይ ደግሞ ቅዳሜ ተረኛ ነበር፤ ፈረቃውን ለውጦ እንደሚመጣ ነገረኝ። የሰዉ ደግነት ገረመኝ። ይህን ያህል ወዳጅ እያለኝ ምን ሆኜ ነው ከሥራ መልስ ብቻዬን የምቀመጠው ብዬ ራሴን ወቀስኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ልክ በሁለት ተኩል በሩ ተንኳኳ። ሀበሻ በሰዓቱ ሲመጣ መደንገጥ ነበረብኝ። ጋሼ ታደሰ ጥቁር ካፖርት፣ በዚያ ሙቀት። በላይ ጥቁር ሱፍ። አልማዝ ጥቁር ቀሚስ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ እጃቸው ላይ አንድ ትልቅ ድስት። ከኋላቸው ሌላ ሰው፣ ከሌላው ኋላ ሌላ። አራት ጠርቼ አሥራ አራት ገባ። አንገታቸውን ደፍተው እየጨበጡኝ አለፉና ሶፋውንም፣ ወንበሩንም፣ ወለሉንም ሞሉት። ጋሼ ታደሰ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ደግ አደረግህ። ይኼ ለብቻ የሚቻል አይደለም» አሉኝ።

የድስቱን ክዳን ገለጥ አደረግሁ። ንፍሮ ነው።

ጥቁር ልብስ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ ማለዳ፣ ዝምታ፣ ንፍሮ። መርዶ ነው። ሰዎቹ የጠራኋቸውን አጋጣሚ አድርገው ሊያረዱኝ ነው የመጡት። ማዕድ ቤት ገብቼ ግድግዳ ተደገፍኩ። ማን ይሆን? እናቴ ከሞተች ቆይታለች። አባቴም። የታላቅ ወንድሜን መርዶ የነገሩኝ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነው። አክስቴ ያለፈችው ባለፈው ዓመት ሳይሆን ካቻምና ነው። እጣቶቼን እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ እጣት ተረፈኝ፣ ሰው ግን አለቀ። ለእኔ መርዶ የሚሆን ሰው አልቀረም! እፎይ አልኩ። ወዲያው ግን እፎይ ማለቴ ራሱ አስከፋኝ፤ እዚያው ማዕድ ቤት ውስጥ እንባዬ መጣ።

እንግዲያው ምን ሆነው ነው? ብዬ ልጠይቃቸው ወደ ሳሎን ስወጣ ደወሉ ጮኸ። ፌቨን በአንድ እጇ ትልቅ ፋን፣ በሌላው ቀይ ሸራ ይዛ እየሳቀች ገባች።

«ሃይ፣ ሰላም! ኦ ማይ ጋድ፣ ምን ያህል ሰው ነው!»

አሥራ አራቱም ተነሡ። ስትስቅ አይተው አዘኑላት። አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ የሺ ፋኑን ከእጇ ተቀበሏትና ትከሻዋን አቅፈው ሶፋው መሐል አስቀመጧት። አልማዝ ውሃ አቀበለቻት። ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ» አሉ፣ «ሰው ሆኖ የማይሄድ የለም። ሁላችንም መንገደኞች ነን። አንቺም ጠንካራ ልጅ ነሽ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። አሥራ አራት ሰው ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በስልክ የተናገርኩት ቃል በቃል ትዝ አለኝ። እስኪ ፍረዱ፤ «በማለዳ ኑ፣ ዝም በሉ፣ ልጅቷ ትመጣለች፣ እኔ እነግራታለሁ» የተባለ ሀበሻ ምን ያስባል? ማን እንደሞተ ማንም አያውቅም። ሁሉም እኔ የማውቅ መስሎታል። ለልጅቷ ደርሰው ሊያስተዛዝኑ ነው ፈረቃ ለውጠው የመጡት።

ፌቨን ጥቁሩን ሁሉ አንድ በአንድ አየችው። የውሃውን ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እናቴ ናት?» አለች።

ልጅ ሆና ተናገረችው። ሒሳቧም እንግሊዝኛዋም ጠፋ። ከኋላ አንዷ «ወይኔ እናትዋ!» ብላ ልቅሶውን ለቀቀችው፤ አልማዝም ተከተለች።

«ማንም አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ። «እናትሽ ደህና ናቸው! እናትሽን አላውቃቸውም! ለማቀዝቀዣው ነው! ስንት ሰው ይኖራል ብላ ጠየቀችኝ፣ አምስት ብዬ ዋሸሁ፣ እናንተን የጠራሁት ቤተሰብ መስላችሁ እንድትቀመጡ ነው። እዚህ ቤት ማንም የለም። ብቻዬን ነው የምኖረው።»

ልቅሶው እንደተቆረጠ ቀረ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እንዳሰብኩት ጣሪያው አልተደረመሰም፤ ፊቴ ግን ነደደ።

ፌቨን ስልኳን አውጥታ አዲስ አበባ ደወለች። እስኪነሳ ድረስ ሁላችንም ስልኩ ላይ አፈጠጥን።

«ሄሎ? ፌቪዬ? ምነው በደህና?» አለ የሴት ድምፅ።

«ምንም እማ። ደህና ነሽ? ዝም ብዬ ነው።» ከዚያ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች፤ አልቅሳ ሳቀች፤ ስቃ ተቆጣች። «ጋሼ፣ ይኼ ኖት ኦኬ ነው። ሪሊ፣ ልቤ ነው የቆመው!»

ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዛ ከለከለችኝ። እትዬ የሺ ግን አልከለከሉም፤ ጀርባዬን በጥፊ አሉኝ። «አንተ ጅል! 'ብቻዬን ነኝ፣ ኑ' ብትል የማንመጣ መሰለህ?» አሉ።

ሰዉ ሊበተን ሲነሳ ፌቨን እንባዋን ጠርጋ ሥራዋን ጀመረች። ቀዩን ሸራ በበሩ ልክ ወጥራ ፋኑን መሐሉ ላይ ገጠመችው። ፋኑ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ሲስብ፣ የውጭው አየር በየቀዳዳው ይገባል፤ ቤቱ የት የት እንደሚያፈስ የሚታወቀው በዚህ ነው። በርና መስኮት መክፈት ክልክል ነው ተባልን። አሥራ ስድስት ሀበሻ ተዘጋበት።

መቼም የቀረበ ንፍሮ አይመለስምና ጎድጓዳ ሳህን ዞረ። ፋኑ ማጓራት ሲጀምር የእትዬ የሺ ነጠላ ከሶፋው ጀርባ ተነሥቶ ተውለበለበ። ጋሼ ታደሰ ራሰ በራቸውን ዳሰሱና «እዚህ ጋ ንፋስ አለ!» አሉ። በላይ መዳፉን ከመብራት ማብሪያው ላይ አድርጎ «እዚህም አለ!» አለ። ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ጥቁሩን እንደለበሰ በየግድግዳው ሥር እየተንበረከከ፣ በዳዊት ክፍል፣ በሰናይት ክፍል፣ «መጣ! መጣ!» እያለ ንፋስ ያድን ጀመር። ፌቨን እየሳቀች ትመዘግባለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። በሁሉም ክፍል ሰው ነበረ።

ፋኑ ሲጠፋ ታብሌቷን ይዛ መጣች።

«አንድ ብዬ ልጻፈው?»

«አንድ በይው። ማሽኑም ትንሹ ይሁን።»

«ማሽኑ ያው ነው ጋሼ።» ድምፅዋን ቀነሰች። «ባለፈው የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ስለካ አንድ የጥርስ ብሩሽ ነበር ያየሁት። ሶ፣ በአምስትም በአንድም ሠርቼው ነበር። ልዩነት የለውም።»

«እንዴት ልዩነት የለውም? አራት ሰው ነው እኮ የቀነስነው!»

«የሰው ሙቀት ትንሽ ነው። ከጣሪያህ ከሚገባው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ችግርህ ጣሪያው ነው።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ለዚህ ነው እንግዲህ ሳምንት ሙሉ የተንከራተትኩት፣ የሰው ልጅ ያስለቀስኩት። እነዳዊት ቢኖሩም ባይኖሩም ለማሽኑ ያው ነው። የሒሳቧን ነገር አልከራከራትም፤ ባለሙያዋ እሷ ናት። ነገር ግን ዳዊት ሻንጣውን ይዞ የወጣ ዕለት ነሐሴ ነበር፣ እኔም ሹራብ ፈልጌ ነበር። ይህን በየትኛው መስመር ላይ እንደምትጽፍልኝ አላወቅሁም።

ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ፤ ቅዳሜም ቢሆን ሥራ አለ። ፌቨን መሣሪያዋን ትሰበስባለች። ጋሼ ታደሰ ብቻ ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው በሩ ሥር ቆመው ቀሩ።

«ለመሆኑ» አሉኝ፣ «አንተ የሞትክ እንደሆነ መርዶህን የምናረዳው ለማን ነው?»

ክፉ አስበው አይደለም። የእድር ሰብሳቢ ይህን ካላወቀ ማን ይወቅ? እኔም ማዕድ ቤት የቆጠርኩትን እንደገና በልቤ ቆጠርኩት። ያው ነው።

«ማንም የለም፣ ጋሼ። እዚሁ ግቡና እርስ በርሳችሁ ተላቀሱ።»

ጋሼ ታደሰ ካፖርታቸውን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሩ። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩት።

«እንግዲያው ጣሪያውን ቶሎ አስለብሰው» አሉ። «በዚህ ሙቀት ሦስት ቀን ለቅሶ አንቀመጥልህም።»